የገና ማዕድ የሚያቅድ መተግበሪያ፦ በስድስት አሠራሮች የተፈተነ ግምገማ

የገና ምግብን በቤቱ ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው የምግብ አሠራር አያጣም። ስልኩን ከፍቶ ቢፈልግ በአንድ ምሽት አንብቦ የማይጨርሰው ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ይደረደርለታል። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከተደረደረው ሁሉ የትኛው በራሱ ኦቨን፣ ባለው ሰዓትና ባለው ረዳት ልክ እንደሚሳካለት ሳያውቅ፣ እንግዳ በተጠራበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሞከር ይገደዳል። ይህን ጭንቀት አቃልላለሁ የሚል፣ በወርሃዊ ክፍያ የሚሠራ የምግብ አሠራር መተግበሪያ ከበዓሉ በፊት ለአምስት ሳምንታት ተጠቅሜበታለሁ። ከገና ስብስቡ ውስጥ ስድስት አሠራሮችን መርጬ እያንዳንዳቸውን ሁለት ጊዜ አብስያለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ የተጻፈውን ቃል በቃል እየተከተልሁ፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ጎደለ ያልሁትን እያረምሁ። ጉድለቶቹን በዝርዝር ስለማነሣ የመተግበሪያውን ስም አልጠቅስም፤ የምጠቀምባቸውን መመዘኛዎች ግን አንባቢ በእጁ ባለው በማንኛውም መሰል አገልግሎት ላይ ሊያውላቸው ይችላል።

በመጀመሪያ ያየሁት የፍለጋ ክፍሉን ነው፤ በእውነቱ በጥሩ ሁኔታ የታሰበበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብዙ የምግብ አሠራሮች «30 ደቂቃ» ብለው ከጻፉ በኋላ ወደ ውስጥ ሲነበቡ ፍሬው ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ ማደር እንዳለበት ወይም ሊጡ ለሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ እንደሚገባው ይገኝባቸዋል። ይህ መተግበሪያ እጅ የሚሠራበትን ጊዜና ምግቡ በራሱ የሚቆይበትን ጊዜ ለያይቶ ያሳያል፤ በሁለቱም መሠረት መፈለግ ይቻላል። ኦቨን የማያስፈልጋቸውን ብቻ፣ ሥጋ የሌለባቸውን ብቻ፣ ወይም ከሦስት ቀን በፊት ተሠርተው መቀመጥ የሚችሉትን ብቻ ማውጣትም ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ማጣሪያ ለበዓል ምግብ ከሁሉ የላቀ ጥቅም እንዳለው የተረዳሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም በበዓሉ ቀን የሚሠራው ሥራ ባነሰ ቁጥር ምግቡ ይጣፍጣል። አንድ ነገር ግን አሳስቶኛል። «ቀላል» የሚለው ምልክት የሚሰጠው በግብዓቶቹ ብዛት ይመስላል። በዚህ ስሌት አሥራ አራት ግብዓት ያለው፣ ነገር ግን ሁሉንም ከትፎ በአንድ ድስት ውስጥ ከመጨመር በቀር ምንም የማይጠይቅ ሾርባ «ከባድ» ሲባል፣ አራት ግብዓት ብቻ ያለው የካራሜል ስጎ «ቀላል» ተብሏል። ስኳር አቅልጦ ካራሜል ያደረገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ስኳሩ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከደረሰ በኋላ ከመልካም ወርቃማ ቀለም ወደ መራራ ጥቁረት ለመሸጋገር ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። ለጀማሪ ከዚህ የሚከብድ ሥራ በስብስቡ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ከፍለጋው ቀጥሎ የማየው የአሠራሩን አጻጻፍ፣ በተለይም መለኪያውን ነው። በኩባያ የሚለካ አሠራር ከየት እንደመጣ ካልታወቀ አያስተማምንም። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲይዝ በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ኩባያ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሾርባ ማንኪያም በአብዛኛው ዓለም 15 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ በአውስትራሊያ 20 ነው። ከዚህም የሚብሰው ዱቄት ነው። ዱቄትን በማንኪያ ቀስ እያሉ ወደ ኩባያ ቢጨምሩት 120 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ከትተው ጠቅጥቀው ቢያወጡት ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሦስት ኩባያ በሚጠይቅ ኬክ ላይ ልዩነቱ 90 ግራም ይሆናል፤ ይህም ለስላሳውን ኬክ ደረቅ ለማድረግ ይበቃል። መተግበሪያው ሁሉንም ዋና ዋና ግብዓቶች በግራም ስለሚያሳይ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው ይህን ገጽታ ብቻ አይቶ ቢመዘገብ አይቆጭም። ይሁን እንጂ በጨው ላይ ሲደርስ ያን ጥንቃቄ ይተወዋል። «ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው» ይላል እንጂ ምን ዓይነት ጨው እንደሆነ አይናገርም። አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ የገበታ ጨው 6 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ስስ ቅርፊት ያለው የባሕር ጨው በዚያው ማንኪያ ግማሹን ያህል ሊመዝን ይችላል፤ ምግብን ከመጠን በላይ ጨዋማ የሚያደርገው ይህን የመሰለ ያልተነገረ ልዩነት ነው።

ስለ ኦቨን ሙቀት መተግበሪያው ለሁለቱም ዓይነት ኦቨን፣ ማለትም ማራገቢያ ላለውና ለሌለው፣ 20 ዲግሪ የሚለያዩ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህ ትክክል ነው። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የኦቨኑ መዘውር የሚያሳየው ቁጥርና በውስጡ ያለው ትክክለኛ ሙቀት አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ዓረፍተ ነገር። እኔ በኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ባስገባሁ ጊዜ መዘውሩ 180 ላይ ሆኖ ውስጡ 165 ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ «ያልተሳኩ» አሠራሮች ጥፋታቸው የራሴ ኦቨን እንደነበረ ገብቶኛል።

ወደ ምግቦቹ ልግባና፣ መጀመሪያ የሠራሁት 2 ኪሎ የሚመዝን ሙሉ የዶሮ አሮስቶ ነበር። አሠራሩ ዶሮው ከበዓሉ ቀን በፊት ባለው ምሽት 20 ግራም ጨው ውስጡም ውጪውም ታሽቶ ሳይሸፈን ፍሪጅ ውስጥ እንዲያድር ያዛል። ይህን እርምጃ ሰነፍ ሆኖ መዝለል ቀላል ነው፤ መተግበሪያው ግን ለምን እንደሚደረግ በሁለት መስመር ስለሚያስረዳ ለመዝለል ልብ አይሰጥም። ጨው በመጀመሪያ ከሥጋው ውኃ ያወጣል፣ ከዚያ በዚያው ውኃ ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሥጋውን ፕሮቲንም ስለሚያላላው በእሳት ጊዜ ውኃውን ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል። ሳይሸፈን የሚያድረው ደግሞ ቆዳው እንዲደርቅ ነው። ቆዳ የሚቀላውና የሚንኮሻኮሸው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ በላዩ ላይ ውኃ እስካለ ድረስ ግን ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ በላይ ሊወጣ አይችልም። ሁለቱን ዶሮዎች ጎን ለጎን ባይሆንም በተከታታይ ሳምንታት ስሠራ ልዩነቱ በዓይንም በጥርስም ታየኝ፤ ለማነጻጸር ጨው ሳይታሽ የተጠበሰው የደረት ሥጋ ሲቆረጥ እንደ ክር ይተረተር ነበር፣ ያደረው ግን በማግስቱ ቀዝቅዞ እንኳ ርጥበቱን አልለቀቀም።

በዚህ አሠራር ላይ ሁለት ጉዳዮች አሳስበውኛል፤ ሁለቱም ጤናን የሚነኩ ስለሆኑ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። አንደኛው፣ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች መካከል ጥሬውን ዶሮ በቧንቧ ውኃ አጥቦ ማድረቅ የሚል አለበት። ብዙ አብሳይ የለመደው ቢሆንም የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴርም ሆነ የብሪታኒያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እንዲቀር የሚመክሩት ልማድ ነው፤ ውኃው ባክቴሪያውን አያጠፋውም፣ ይልቁንም በዙሪያው ባለው ሰሃንና ሰላጣ ላይ ይረጨዋል። በወረቀት ፎጣ ማድረቅ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው፣ መብሰሉን ለማወቅ «ጭማቂው ንጹሕ ሆኖ እስኪፈስ» የሚል መመሪያ ዋናው ሆኖ፣ የቴርሞሜትሩ ቁጥር በቅንፍ ውስጥ እንደ ተጨማሪ ሐሳብ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ሙከራ ጭማቂው ንጹሕ ሆኖ ሲፈስ የጭኑን ወፍራም ክፍል ስለካው 66 ዲግሪ ነበር፤ ዶሮ ሊደርስበት የሚገባው 74 ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቴርሞሜትሩ ቀድሞ ሊጻፍ ይገባው ነበር፤ ጫፉ አጥንት እንዳይነካ የሚለውም ማስገንዘቢያ አብሮት፣ ምክንያቱም አጥንቱን የነካ ቴርሞሜትር የሥጋውን ሙቀት አያነብም። ከኦቨን ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይረፍ የሚለውን ምክር ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

ከዶሮ ይልቅ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዶሮ ዘመድ ለሚመርጥ ቤተሰብ መተግበሪያው ለየት ያለ ገጽ አለው። አልሠራሁትም፤ አንብቤው ግን አንድ ነገር ከግርጌው አግኝቻለሁ። በረዶ የሆነ ተርኪ ፍሪጅ ውስጥ ለመቅለጥ ለየ2 ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ 6 ኪሎ የሆነው ሦስት ቀን ይወስዳል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ነገር በመጨረሻው መስመር በትንንሽ ፊደል መጻፍ የለበትም። አንባቢው በበዓሉ ዋዜማ ገጹን ሲከፍት የመጀመሪያ መስመር ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ረፍዶበታል፤ ስለዚህ ቦታው ከአሠራሩም በላይ፣ በፍለጋው ውጤት ላይ መሆን ነበረበት።

ድንቹ ያለ ምንም ማረሚያ የተሳካልኝ ብቸኛው አሠራር ነው። ተልጦ ተለቅ ተለቅ ተደርጎ የተቆረጠ ድንች፣ በየ2 ሊትሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ጨዋማ ውኃ ውስጥ ጠርዙ እስኪልም ይቀቀላል፤ ከዚያ ውኃው ተጠልሎ በድስቱ ውስጥ ይንገላታል። ሶዳው ውኃውን አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሚያደርገው የድንቹን ሕዋሳት የሚያጣብቀው ፔክቲን ቶሎ ይፈርሳል፤ ጠርዙ ይሸረፋል፣ የተሸረፈው ደግሞ ዘይት ውስጥ ገብቶ ወፍራም ቅርፊት ይሆናል። በጋለ ትሪና በጋለ ዘይት ላይ 220 ዲግሪ ውስጥ 50 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ መካከል ላይ አንዴ ተገላብጦ ሲወጣ የነበረው ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ለቀላል የገና ምግብ ሐሳብ የሚፈልግ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ቢሠራ ማዕዱ የበዓል ማዕድ ይሆንለታል።

የፍራፍሬ ኬኩ ላይ መተግበሪያው ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ሠርቷል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ አሠራሩ በራሱ መልካም መሆኑ ነው። 800 ግራም ደረቅ ፍሬ፣ ማለትም ዘቢብና የተከተፈ አፕሪኮት ከብርቱካን ልጣጭ ጋር፣ በብርቱካን ጭማቂ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግስቱ ከቅቤ፣ ከቡናማ ስኳር፣ ከእንቁላል፣ ከዱቄትና ከቀረፋ ጋር ተዋሕዶ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ ውስጥ በ150 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጋገራል። መጋገሪያው በውስጥ በኩል በሁለት ድርብ ወረቀት እንዲለበስ፣ በውጪም በወፍራም ወረቀት እንዲጠቀለል የሚያዘው ጥንቃቄ አለምክንያት አይደለም፤ የፍሬው ስኳር ብዙ ስለሆነ መካከሉ ሳይበስል ጠርዙ ሊያርር ይችላል። እንዲህ ያለው ኬክ ከበዓሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተጋግሮ በወረቀትና በፎይል ተጠቅልሎ ቢቀመጥ የፍሬው ርጥበት ወደ ኬኩ አካል እየዘለቀ ይለሰልሳል፤ ቅመሙም ይዋሐዳል። የመጀመሪያውን ከአራት ሳምንት በፊት ጋግሬው በገና ዋዜማ ስቆርጠው ቢላው ሳይፈረፍር አለፈ።

ስሕተቱ የተገለጠው ለሁለተኛው ኬክ የእንግዶቹን ቁጥር በእጥፍ ባሳደግሁ ጊዜ ነው። መተግበሪያው የግብዓቶቹን ግራም በሁለት አባዛ፤ የመጋገሪያውን ስፋትና የሰዓቱን ርዝመት ግን እንዳሉ ተዋቸው። በጽሑፉ መሠረት እጥፍ ሊጥ በዚያው 20 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ ውስጥ ለዚያው ጊዜ መጋገር ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ ከጫፉ ፈስሶ መካከሉ ጥሬ መሆን የማይቀርለት ነው። የክብ መጋገሪያ ይዘት የሚያድገው በስፋቱ ካሬ ስለሆነ፣ ከ20 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር መሸጋገር ብቻ ይዘቱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ እጥፍ ሊጥ ከተመሳሳይ ቁመት ጋር የሚስማማው በ28 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ ነው። ይህን ራሴ አስልቼ፣ ሙቀቱን ወደ 140 ዲግሪ አውርጄ፣ መካከሉ ላይ የተሰካ ቀጭን እንጨት ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየፈተሽሁ ጋገርሁት፤ ከተጻፈው 50 ደቂቃ ተጨማሪ ወሰደ። በመተግበሪያው የግብዓት ማባዣ ላይ እምነት የሚጥል ሰው ለሾርባና ለድንች ይጠቀምበት፤ ለኬክ ግን አንድ ትልቅ ከመጋገር ሁለት ትንንሽ መጋገር ይሻለዋል። በክፍያ የሚሠራ አገልግሎት ይህን ማስጠንቀቂያ አለመጻፉን እንደ ቀላል ነገር ላልፈው አልችልም።

የዝንጅብል ብስኩቱ ልጆች ላሉበት ቤት ተስማሚ ነው። ሊጡ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተዳምጦ፣ በኮከብና በዛፍ ቅርጽ ተቆርጦ በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። ሲወጣ ለስላሳ መሆኑ እንዳያስደነግጥ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠነክር አሠራሩ አስቀድሞ መንገሩን ወድጄዋለሁ፤ ያን ሳያውቅ ተጨማሪ አምስት ደቂቃ የሚያስገባ ሰው ብስኩቱን ያከስለዋል። ማስዋቢያው የስኳር ቅብ ግን ጥሬ የእንቁላል ነጭ ይጠይቃል፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን የሚቀርብ ከሆነ የዱቄት ስኳር በጥቂት የሎሚ ጭማቂ ብቻ ማቅጠን ይሻላል፤ የሚሰጠው መልክ ተቀራራቢ ነው።

ሥጋ ለማይበሉ የቀረበው የእንጉዳይና የምስር ጥብስ በመጀመሪያው ጊዜ ተፈረካክሶብኛል። ጥፋቱ የት እንደሆነ ለማግኘት ብዙ አልደከምሁም። አሠራሩ 500 ግራም የተከተፈ እንጉዳይ በአንድ መጥበሻ ውስጥ «ለ5 ደቂቃ፣ ቡናማ እስኪሆን» ይላል። እንጉዳይ ከክብደቱ 90 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያ ውኃ ገና መውጣት ይጀምራል እንጂ አይተንም። በሁለተኛው ሙከራ በሁለት ዙር፣ በሰፊ መጥበሻ፣ መጥበሻው ውስጥ የነበረው ውኃ ሁሉ አልቆ የመጥበስ ድምፅ እስኪመለስ ድረስ አቆየሁት፤ እያንዳንዱ ዙር ከ12 ደቂቃ በላይ ወሰደ። ምስሩንም ከተቀቀለ በኋላ በወንፊት በደንብ አጠለልሁት። ያን ጊዜ ጥብሱ በአንድ ቀን ቀድሞ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ ዳቦ ተቆርጦ፣ በመጥበሻ ላይ እንደገና የሚሞቅ ጥሩ ምግብ ሆነ። ሥጋ የማይበላ እንግዳ ከሌሎች የተረፈውን ድንችና አትክልት ብቻ እየበላ እንዳይቀመጥ እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ ዋና ምግብ በስብስቡ ውስጥ መኖሩ የአዘጋጆቹን አሳቢነት ያሳያል፤ የሽንኩርትን ማብሰያ ጊዜ አሳንሶ መጻፍ በብዙ አሠራሮች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ሲሆን እዚህ በእንጉዳይ ላይ ተደግሟል።

አሁን መተግበሪያውን ከሌሎቹ የሚለየው ክፍል ላይ ደርሻለሁ። የምግብ አሠራር ሁሉ የሚጻፈው ያ ምግብ ብቻውን የሚሠራ ይመስል ነው፤ የበዓል ማዕድ ግን አምስትና ስድስት ምግብ በአንድ ኦቨንና በአራት ምድጃ ላይ በአንድ ሰዓት የሚደርስበት ሥራ ነው። መተግበሪያው የተመረጡትን ምግቦች ሰብስቦ፣ ማዕዱ የሚቀርብበትን ሰዓት ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠረ የእያንዳንዱን እርምጃ ሰዓት በአንድ መርሐ ግብር ያወጣል። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ የኦቨኑን ግጭት ማወቁ ነው። ዶሮው በ180፣ ድንቹ በ220 ዲግሪ ስለሚፈልጉ ሁለቱ አብረው ሊገቡ እንደማይችሉ አስጠንቅቆ፣ ድንቹ ጠዋት ቀለም መያዝ እስኪጀምር ተጋግሮ እንዲቆይና ዶሮው ወጥቶ በሚያርፍበት ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት እንዲጨረስ ሐሳብ አቀረበ። ይህን ልምድ ያላት እናት በልቧ የምታውቀው ነገር ነው፤ ለጀማሪ ግን ማንም አይጽፍለትም። ሐሳቡን ተከትዬ ድንቹና ዶሮው በአምስት ደቂቃ ልዩነት ማዕድ ላይ ደረሱ።

መርሐ ግብሩ የማያየው ግን አለ። ሁሉንም ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው መሆኑን አይጠይቅም። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስጎ ማማሰል፣ ድንች ማገላበጥ፣ አትክልት መቀቀል፣ ዶሮ መቁረጥ፣ የእንጉዳዩን ጥብስ ማሞቅና ሳህን ማሞቅ ተደራርበው መጡብኝ፤ ስድስት ሥራ ለሁለት እጅ። ሁለተኛ ትሪ ሲገባ የመጀመሪያውን ሙቀት እንደሚጋርድ፣ በቀዝቃዛ ምግብ የተሞላ ኦቨንም ወደ ሙቀቱ ለመመለስ ጊዜ እንደሚፈልግ በስሌቱ ውስጥ የለም። በሁለተኛው ጊዜ ስጎውን ዋዜማ ላይ ሠርቼ፣ አትክልቱን ቀቅዬ በበረዶ ውኃ አቀዝቅዤ፣ ለመጨረሻው ሰዓት ሦስት ሥራ ብቻ አስቀረሁ። መተግበሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በእጅ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ስለሚፈቅድ ይህን ማድረግ አልከበደኝም፤ ያዛወርሁትንም ለሚቀጥለው ጊዜ አስታውሶ አስቀምጦልኛል።

የግዢ ዝርዝሩ የተለያዩ አሠራሮችን ግብዓት ደምሮ በአንድ ላይ ያወጣል፤ ቅቤን በአራት ቦታ ከመጻፍ አንድ ድምር መስጠቱ ጊዜ ይቆጥባል። የተጠቃሚዎች አስተያየት ክፍሉ ከብዙ ቦታዎች ይሻላል፤ ምግቡን ሳይሠሩ ኮከብ መስጠት አይቻልም ባይባልም፣ አስተያየት ሰጪው ምን እንደቀየረ የሚጽፍበት የተለየ ሣጥን ስላለ ስኳሩን በግማሽ ቀንሶ «አልጣፈጠኝም» የሚለውን ለይቶ ማንበብ ይቻላል። የእንጉዳዩ ሰዓት ማነሱን ከእኔ በፊት የጠቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ አዘጋጆቹ ግን ጽሑፉን አላረሙትም።

ስድስተኛው አሠራር ከተረፈው የዶሮ አጥንት የሚሠራ ሾርባ ነው፤ ጣዕሙ እጅግ መልካም ነው። ሆኖም «ድስቱ በምድጃው ላይ እስኪቀዘቅዝ ይቆይና ፍሪጅ ይግባ» የሚለው መመሪያ መስተካከል አለበት። ትልቅ ድስት ሙሉ ሾርባ በራሱ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያ በፍጥነት በሚራባበት፣ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው የሙቀት ክልል ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። በጥልቀት አነስ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ድረስም 74 ዲግሪ እስኪደርስ እየተሞቀ ይበላል። ከዚያ በላይ ለማቆየት የሚፈልግ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጠው።

ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ለሚያስብ፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር ላለው፣ አንድ ጊዜ ለቤተሰቡ ብቻ ሞክሮ ከዚያ ለእንግዳ ለማቅረብ ለሚፈቅድ ሰው ይህን አገልግሎት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ መርሐ ግብሩ ብቻውን የሁለት ወር ክፍያውን ያወጣል። በዋዜማው ምሽት ከፍቶ ፈጣን መፍትሔ ለሚፈልግ ግን የሚሰጠው ብዙ የለም፤ ለእርሱ የድንቹ አሠራርና ጨው ታሽቶ ያደረ ዶሮ ይበቁታል፣ ሁለቱንም ያለ መተግበሪያ መሥራት ይቻላል። ከመመዝገብ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ ክፍያው ሲቋረጥ አሠራሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ተጠቃሚው በራሱ እጅ የጻፋቸው ማስታወሻዎችም አብረው ይዘጋሉ፤ ወደ ፋይል የሚወርዱበትም መንገድ የለም። እኔ የኬኩን የተስተካከለ ልክ፣ የእንጉዳዩን ትክክለኛ ሰዓትና የመጨረሻውን መርሐ ግብር ምዝገባዬ ከማለቁ በፊት በደብተር ገልብጬ፣ ደብተሩን ከኬክ መጋገሪያዎቹ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።